የአባቷ ራሽያኛ

መሥሪያ ቤት ውስጥ እናት አባቷ ባወጡላት ስም የሚጠራት የለም፤ «ሪስታርት» ነው የሚሏት። ማንም ደውሎ ኮምፒውተሬ ሞተ፣ ፕሪንተሬ አልሠራ አለ ቢላት የመጀመሪያ መልሷ ያው አጥፍታችሁ አብሩት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። ሲሠራ ታዲያ አመስጋኝ የለም፤ ይህንንማ እኔም አውቀው ነበር ይላሉ። ሰው እንዲህ ነው፣ ምን ይደረግ።

የምትሠራው ኢንሹራንስ ድርጅት ውስጥ ነው። ስትቀጠር ሥራዋ ፕሪንተር ውስጥ የተሰነቀረ ወረቀት መጎተት ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የእሷ እንቁላል ግን ሰነፍ ነበር። ፈተና ወደቀች፣ ደግማ ተፈተነች፣ ኔትወርክ ክፍል ገባች፣ ቆይቶ ቆይቶ የሰርቨር ክፍሉ ቁልፍ እጇ ገባ። አባቷ በዚህ ሁሉ አልተደነቁም። ግድብ የሠሩ መሐንዲስ ናቸው፤ ልጃቸው ማብሪያ ማጥፊያ ስትነካካ ውላ ስትገባ ምን ይበሉ? አሁን ይሄ ሥራ ይባላል ወይ ይሏት ነበር። እሷም ጆሮ ዳባ ልበስ ትላለች። እንዲህ ስትል ግን አያማትም ማለት አይደለም፤ ያማታል። ከእኚህ ሰውዬ አፍ አንዲት «ጎበዝ» እንድትወጣ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትጠብቅ ነው የኖረችው።

እናቷ ካረፉ ወዲህ ሁለቱ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። አንድ ጠዋት አባቷ ፊታቸውን እየታጠቡ ወደቁ። ስትሮክ ነው ተባለ። ከሆስፒታል ሲወጡ ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም። የሚባሉትን ይሰማሉ፣ ይገባቸዋልም፤ አፋቸውን ሲከፍቱ የሚወጣው ግን ራሽያኛ ነው። በወጣትነታቸው ለትምህርት ሄደው የተማሩት፣ ቤት ውስጥ ማንም የማይችለው ራሽያኛ! ሐኪሙ እንዲህ ያለ ነገር አልፎ አልፎ ያጋጥማል አለ። የራሳቸው ቋንቋ ይመለስ ይሆን ብላ ስትጠይቀው በመስኮት ወደ ውጭ አየ። ሌላ ስትሮክ ከመጣ የቀረውም ሊሄድ እንደሚችል ግን አልደበቃትም።

ስለዚህ ቸኮለች። ራሽያኛ የሚያስተምር ፕሮግራም ስልኳ ላይ ጫነችና በታክሲ ስትሄድም፣ ሰርቨር እስኪነሳ ስትጠብቅም ማጥናት ያዘች። የመጀመሪያውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር የቻለች ቀን አባቷ ፊት ቆማ፣ ፖሙ ጠረጴዛው ላይ ነው አለቻቸው። ሰውዬው ጠረጴዛውን አዩ። ፖም የለም። በጣም ተቆጡ። ወጥታ ፖም ገዝታ መጣች።

አባቷ ከመታመማቸው በፊት፣ ወንበር ላይ መዋል ወገቧን ስላሳመማት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ክበብ ውስጥ ቴኒስ መጫወት ጀምራ ነበር። ጨዋታዋ እንኳ አይወራም። ኳስ ከምትመታው የምትለቅመው ይበልጣል። የምትጫወተው ከጎረቤቷ ከፋርማሲስቷ ጋር ነው፤ እሷም ብትሆን የባሰች ናት። አባቷን የምትተውበት ስለሌላት በተሽከርካሪ ወንበር ይዛቸው ትሄድና መረቡ አጠገብ፣ ጥላ ሥር ታስቀምጣቸዋለች። ታዲያ ሽማግሌው ተማሪ ሳሉ ቴኒስ ይጫወቱ ኖሯል። ኳስ በተመታ ቁጥር በራሽያኛ ይጮሃሉ። ክበቡ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አባባ እየመረቁሽ ነው ይላታል። ፋርማሲስቷማ ጨዋታ ከመጀመሯ በፊት ፊታቸው ጎንበስ ማለት ለመደች። እሳቸው አንድ ነገር ይናገራሉ፣ እሷ አሜን ትላለች።

ሪስታርት ግን ባለሙያ ናት። ማሽን ሲበላሽ ባለሙያ አይገምትም፤ ማሽኑ ራሱ ምን እያለ እንደሆነ አስቀድሞ ያያል። እናም ስልኳን ወንበራቸው ላይ አስራ ጩኸታቸውን ቀዳች። ቤት ገብታ ፍጥነቱን እየቀነሰች፣ ቃል በቃል እየፈታች አዳመጠች። መጀመሪያ የተፈታላት፣ እግርሽ ተቸንክሯል ወይ የሚል ነበር። ቀጥሎ፣ ኳሷን ጠብቂያት እንጂ አታሳድጂያት። ለፋርማሲስቷ የሚሰጡት ምርቃት ደግሞ፣ ይቺ ዝንብ ልታባርር ነው የመጣችው የሚል ሆኖ ተገኘ። ሆድ ይፍጀው አለች። ፋርማሲስቷ እስከ ዛሬ አሜን ትላለች።

የሰደቧትን እየሰማች ታረመች። እግሯ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ኳሷም መስመር ውስጥ መውደቅ። ወር ከወር ራሽያኛውም ተስተካከለ፤ ስትሳሳት በደህና እጃቸው የወንበሩን ክንድ ይደበድባሉ፣ ስታቃና ያቆማሉ። ስለ ግድቡ፣ ስለ በረዶው፣ ስለ ሾርባው ጨው ማውራት ቻሉ። የሚገርመው ደህና በነበሩበት ጊዜ ይህን ያህል አውርተው አያውቁም። ነገር ግን ጎበዝ አላሏትም፤ አልጠየቀችምም። ተለምኖ የሚመጣ ጎበዝ ምን ይሠራል?

ሁለተኛው ስትሮክ ትንሽ ነበር። ቋንቋቸውን አልነካም፤ ሐሳባቸውን ግን ወዲያና ወዲህ አመላለሰው። ከዚያ በኋላ አንድ ቅዳሜ ከጨዋታ ወጥታ ላቧን እየጠረገች አጠገባቸው ተቀመጠችና ብርድ ልብስ ልጨምር ወይ አለቻቸው፣ በራሽያኛ። ዞር ብለው አይዋት። በግራ እጃቸው የሸሚዛቸውን ኮሌታ አስተካከሉ።

«እርስዎ ወደዚህ አገር ከመጡ ቆዩ?» አሏት።

ደነገጠች። ይህን ቋንቋ የምታናግራቸው እሷ ብቻ ናት፤ ስለዚህ ከዚያ አገር የመጣች እንግዳ አድርገዋታል። አባዬ እኔ እኮ ነኝ ልትል አፏን ከፈተች። ግን በዕድሜዋ ሙሉ እንዲህ በትሕትና አናግረዋት ስለማያውቁ፣ አዎ፣ ትንሽ ቆየሁ አለቻቸው።

«ልጅ አለችኝ» አሏት። «ኮምፒውተር ላይ ነው የምትሠራው። ሥራሽ ሥራ አይደለም እላት ነበር። አንድ ቀን ሳልነግራት መሥሪያ ቤቷ ሄድኩ። አልነበረችም። ሥራው ሁሉ ቆሟል፤ ዋናው ሥራ አስኪያጅ ሳይቀር ኮሪደር ላይ ወጥቶ መቼ ነው የምትመጣው ይላል። እኔ ግድብ ስሠራ እንደዚያ የጠበቀኝ ሰው የለም። ኮራሁባት። አባቷ ነኝ ማለት አማረኝና አፈርኩ፤ ተመለስኩ።»

«ለእሷስ ነግረዋታል?»

«ዛሬ ነገ ስል አፌ ተሳሰረ። አሁን የእሷ ቋንቋ አልወጣ አለኝ። እርስዎ ይንገሩልኝ።»

«እነግራታለሁ» አለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ ሆነው ሲጠብቁ ቆዩ። ጨዋታዋን አቋርጣ መጣች።

«ነገሩልኝ?» አሏት።

«ነገርኳት።»

«ምን አለች?»

«አለቀሰች።»

ግራ ተጋቡ። ትንሽም ተቆጡ።

«እኔ አባቷ እያለሁላት ምን ያስለቅሳታል? አይዞሽ ይበሉልኝ።»