መሐላ የሌለው በሬ

ማረሻዬ ሲሰበር ጊዮርጊስን እጠራ ነበር፤ ዝናብ ሲዘገይ ማርያምን። ጎረቤት ደኅና አደርክ ወይ ቢለኝ እንኳ “ደኅና ነኝ፣ አባቴ ይሙት” እል ነበር። አባቴ ከሞተ ስንት ዘመኑ፤ እኔ ግን በየቀኑ ስገድለው ኖርኩ።

ይህን ልማድ እንድተው ያስገደደኝ ቁርባን ነው። ልጆቹ ጎጆ ከወጡ በኋላ ባለቤቴ እንግዲህ እንቁረብ አለችኝ። ነጠላዋን አጥባ፣ አጥፋ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠች። አብረን ወደ ነፍስ አባታችን ሄድን። እሷን ምንም አላሏት። ወደ እኔ ዞሩና፣

“ቅዱሳኑን በየገበያው በምትጎትትበት አፍ ሥጋውን ደሙን ልትቀበል ነው? መጀመሪያ መሐላህን ተው” አሉኝ።

ባልና ሚስት የሚቆርቡት አንድ ላይ ነው። እኔ ካልተውኩ እሷም ቀረች ማለት ነው። ይህ አንገበገበኝ። ለራሴ ብቻ ቢሆን ገና እከራከር ነበር።

አረቄ ተው ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። አረቄ ከቤት ይወጣል፤ የመሐላ ቤቱ ግን አፍ ነው፣ ወዴት ይወጣል? ባለቤቴ አንድ ዘዴ አገኘች፤ ልምል አፌን ስከፍት ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። በመጀመሪያው ሰሞን ጉንፋን የያዛት ነበር የምትመስለው።

ገለባው ለሦስት በሬ አልበቃ ሲለኝ ቀዩን ልሸጥ አምበር ገበያ ወረድኩ። እዚያ እሷ የለችም። አንድ ጎልማሳ ገበሬ የበሬውን ጥርስ አየ፣ ሻኛውን ዳበሰ፣ ሰኮናውን አነሳ። ይዋጋል ወይ አለኝ፤ አይዋጋም አልኩት። እርሻ ላይ ይተኛል ወይ አለኝ፤ አይተኛም አልኩት። ከዚያ አፍ አፌን እያየ ጠበቀኝ። በእኛ ገበያ ከዚህ በኋላ የሚከተለው መሐላ ነው።

“ይማሉልኝ እንጂ፣ አባቴ።”

“መማል ትቻለሁ።”

አጠገቡ የቆመው ደላላ ስልኩን ከጆሮው አውርዶ ሳቀ። “እኚህ ሰውዬ? ለአንዲት ዶሮ ሦስት ታቦት ሲጠሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዛሬ ካልማሉ በሬው ነገር አለው” አለ።

ያናደደኝ የዶሮዋ ነገር እውነት መሆኑ ነው። የጊዮርጊስ ስም ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። አንዲት ቃል ነበረች፤ ያውም ውሸት የለባትም፣ በሬው እንከን የለውም። ሣጥን ውስጥ ያለችው ነጠላ ትዝ አለችኝና ቃሏን ዋጥኳት። ቤቴ ሩቅ አይደለም፣ ና ጠምደህ ሞክረው አልኩት። ሰውየው ከዚህ ሁሉ ልፋት የተማለበት በሬ ብገዛ ይሻለኛል ብሎ ሄደ።

በሬዬን እየነዳሁ ተመለስኩ። ባለቤቴ ደጅ ላይ በሬውን ስታይ ገባት። “አልማልክም ማለት ነው” አለችና ገመዱን ተቀብላኝ አሰረችው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አባታችን ፊት ቆምን። በእውነት ትተሃል ወይ አሉኝ። “ማርያምን፣ ትቻለሁ” ልል አፌን ከፈትኩ። ከጎኔ ጉሮሮ ተጠረገ።

“ትቻለሁ” አልኩ።

አባታችን መቋሚያቸው ላይ አቀረቀሩ፤ የሳቁ ይመስለኛል። ከዚያ በሉ ተዘጋጁ አሉን።

ቀዩ በሬ ገና አልተሸጠም። በሚቀጥለው ገበያ ደግሞ ይዤው እወርዳለሁ፤ ያንኑ አይዋጋም፣ አይተኛም እላለሁ። ያላመነኝ ይለፍ። የምጨምርለት ቃል የለኝም።