የአርብ ፊርማ

የሚስቴን ታላቅ እህት እኛም፣ ጎረቤቱም፣ ሆስፒታሉም «እትዬ» ነው የምንላት። የመንደሩ የቤት ቁልፍ ግማሹ እሷ ዘንድ ነው። ሰው መንገድ ሲወጣ ቁልፉን፣ ከትዳር ጓደኛው ሲጣላ ገመናውን እሷ ጋ ያስቀምጣል፤ እሷም አንድ ቀን እንኳ የሰው በር ከፍታ ገርመም አላደረገችም። እኔ ግን ሰው እንዲህ ሲታመን ደስ አይለኝም። ታማኝ ሰው ሲገኝ ሰነፉ ሁሉ ሸክሙን እያመጣ ይከምርበታል።

ሥራዋ የቀዶ ጥገና መሣሪያ ማጽዳት ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ደም የነካው መቀስና መቆንጠጫ ይመጣላታል። ታጥባለች፣ ጥርስ ጥርሱን በብሩሽ ትፈገፍጋለች፣ ታደርቃለች፣ በጨርቅ ጠቅልላ በፕላስተር ታሽግና በእንፋሎት ጀርም ወደሚገድለው ትልቅ ማሽን ታስገባለች። ፕላስተሩ ላይ ፈዘዝ ያሉ መስመሮች አሉ፤ ማሽኑ በደንብ ከጋለ ይጠቁራሉ፣ ካልጋለ እንደፈዘዙ ይቀራሉ። እትዬ ጥቅሉን አውጥታ በመስኮቱ ብርሃን ታየዋለች። ከጠቆረ ቀን ጽፋ ትፈርማለች። ሐኪሞቹ «የእትዬ ነው? ክፈቱት» ይላሉ እንጂ ሌላ ጥያቄ የላቸውም።

ሟቹ ባሏ «እኔን ከምታምኚ ያንን ብረት ታምኛለሽ» እያለ ይቀልድባት ነበር። «እሱ ሲዋሽ ይታወቅበታላ» ትለዋለች።

ቅዳሜ የእረፍት ቀኗ ነው። በዚያ ቀን ማሽኑን የሚይዙት ሁለት ተረኞች ናቸው፤ ሐኪሞቹ የእነሱን ፊርማ ሲያዩ ጥቅሉን እያገላበጡ መጠየቅ አበዙ። የክፍሉ ኃላፊ ጥያቄው ራስ ምታት ሆነባት። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ አርብ ከሰዓት በኋላ፣ የተቆራረጠ ፕላስተር በትሪ ይዛ እትዬ ጋ መጣች። የቅዳሜው ቀን ተጽፎበታል።

«እትዬ፣ እዚህ ላይ ፈርሚልኝ።»

«ምኑ ላይ? ጥቅሉ የታለ?»

«ነገ ጠቅልለው በዚህ ያሽጉታል። አንቺ ዝም ብለሽ ፈርሚ። እኛ እኮ አንቺን ስለምናምንሽ ነው።»

ፈረመች። ይህን የነገረችኝ በኋላ ነው። ጎረቤት ቁልፉን ሲያስቀምጥ አመነ እንበል፤ ማታ መጥቶ ይወስደዋል፣ ቤቱንም ገብቶ ያየዋል። ያቺ ሴትዮ ግን «አምንሻለሁ» ያለችው ማየት ስለሰለቻት ነው። የሰው ስም ተውሳ ለሌሎች ስንፍና መሸፈኛ አደረገችው። እትዬንም ጠይቄያታለሁ፣ ለምን እሺ አልሽ ብዬ። «እምቢ ብል ባልደረቦቿን አታምንም ይሉኛል። እንዴት ብዬ ሰው ፊት አላምናቸውም እላለሁ?» አለችኝ። ይሄ ይሉኝታ የሚባል ነገር ስንቱን ጉድ ያሳልፋል። ከዚያ ወዲያ በየአርቡ ትሪው ይመጣል፣ እሷም ትፈርማለች፤ ቀስ በቀስ ለመደችው።

ባለፈው ወር ሚስቴን የሐሞት ጠጠር አሠቃያትና የቀዶ ጥገና ቀጠሮ ደረሳት። ቀኑ ቅዳሜ ሆነ። እትዬ እንደ ማንኛውም ጠያቂ በቤት ልብሷ መጥታ፣ ከእኔ ጋር የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሚስቴን አስገቧት። ትንሽ ቆይቶ አንዲት ነርስ የታሸጉ ጥቅሎች የተደረደሩበት ጋሪ እየገፋች መጣች። እትዬ በልማድ አንገቷን ሰገግ አድርጋ አየች። ከዚያ ብድግ ብላ ጋሪውን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ቁሚ እስቲ። መስመሩ አልጠቆረም።»

ነርሷ ጎንበስ ብላ አየችና ፈገግ አለች። «ፊርማሽ አለበት እኮ እትዬ። የዛሬ ነው።»

እትዬ ፊቷ ዐመድ መሰለ። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ ጋሪው ግን ወደ እህቷ እየሄደ ነው።

«ዛሬ ሥራ ገብቻለሁ እኔ?» አለች። «የፈረምኩት ትናንት ነው፣ ባዶ ፕላስተር ላይ። ይሄን ጥቅል ገና አሁን ማየቴ ነው።»

ኮሪደሩ ላይ የነበርነው ሁሉ ሰማን። ሐኪሙ ተጠርቶ ወጣ፤ ጥቅሎቹን አንድ በአንድ አገላብጦ አየ። አንዱም አልጠቆረም። ማሽኑ ጠዋት ጭራሽ አልጋለም ኖሯል፤ ተረኞቹ አስገቡ፣ አወጡ፣ ጋሪ ላይ ደረደሩ። ሚስቴ ገና ማደንዘዣ አልወሰደችም ነበርና መልሰው አወጧት። ከአራት ቀን በኋላ በሌላ ጥቅል፣ ሐኪሙ ራሱ መስመሩን አይቶ፣ በሰላም ተሠራላት።

ሰኞ እትዬን ስብሰባ ጠሯት። ተረኞቹ «የእሷ ፊርማ ስላለበት የጋለ መስሎን ነው» አሉ። በእጃቸው ያሸጉት እነሱ! ኃላፊዋ ደግሞ ትሪ የሚባል ነገር አላስታውስም አለች። ደብዳቤውን የጻፈችው ግን እሷው ናት። አንብቤዋለሁ። «ከፍተኛ እምነት የተጣለብዎ ሆኖ ሳለ እምነት በማጉደልዎ» ይላል፤ ወደ ልብስ ማጠቢያ ተዛውረሻል ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ ልተፋበት ምንም አልቀረኝም ነበር። በቦታዋ ለተተካችው ሴት በመጀመሪያው አርብ ትሪው ቀርቦላታል አሉ። እሷም ፈርማለች።

ሚስቴ ቤት ተመልሳ አልጋ ላይ ሳለች እትዬ ልትጠይቃት መጣች። እኔ ምስጋናዬን አላቋርጥ ብዬ፣ ነፍሷን አተረፍሽልኝ እያልኩ፣ እግሯ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ሚስቴ ግን ትራሷን ደገፍ ብላ ወደ እህቷ ዞረች።

«እትዬ፣ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ጋሪውን ታቆሚው ነበር?»

«ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ቅዳሜ ምን ሊያመጣኝ?» አለች እትዬ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜን ቤቴ ተኝቼ ነው ያሳለፍኩት።»

ሚስቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔም ምስጋናዬን አቆምኩ።