አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፈው ድልድይ

አጎቴ ቶሮንቶ ከመምጣታቸው በፊት ጥቂት ዓመት እንግሊዝ አገር፣ አንዲት ትንሽ የገጠር መንደር ኖረዋል። "እኛ መንደር" ሲሉ ሰው ሁሉ ጎጃም ይመስለዋል፤ እሳቸው ግን ያቺን ነበር የሚያወሩት። የመንደሯ ድልድይ ጥንት ለበጎች የተሠራ ነውና አንድ መኪና ብቻ ያሳልፋል። አንዱ ቆሞ ሌላውን ያሳልፋል፤ በዚያው ሰላም ይባባላሉ። መንግሥት ላስፋው ቢል፣ የመንደሯ ሰዎች "ታዲያ የት ልንገናኝ ነው?" ብለው እምቢ አሉ።

እዚህ ቶሮንቶ፣ ክሬሰንት ታውን ሰፈር ባለው ሕንፃችን ከሁለቱ ኤሌቬተሮች አንዱ ሲበላሽ ሁላችንም እንነጫነጫለን፤ አጎቴ ደስ ይላቸዋል።

"ጋሼ፣ ሥራ ረፈደብኝ እኮ!" እላቸዋለሁ።

በሩን በእጃቸው ይዘው፣ "ቆይ፣ እኚህ እናት ይግቡ። ድልድይ ላይ ነን" ይላሉ። ለጎረቤቱም ይህንኑ በእንግሊዝኛ ይደግሙለታል።

አጎቴ ካረፉ በኋላ ሁለቱም ኤሌቬተሮች ደህና ይሠሩ ስለነበር፣ ብቻዬን ወጥቼ ብቻዬን እወርድ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን አንዱ ተበላሸ። ተጨናንቀን ስንወርድ ኤሌቬተሩ እሳቸው ይኖሩበት የነበረው ፎቅ ላይ ቆመ። የጠራው ሰው ታክቶት በደረጃ ወርዷል መሰለኝ፣ በሩ ሲከፈት ማንም የለም። ልዘጋው እጄን ስሰድ፣ አንዲት የባንግላዴሽ እናት ክንዴን ያዙኝ።

"ዌይት" አሉኝ፣ "ዊ አር ኦን ዘ ብሪጅ።"

ባዶውን ኮሪደር እያየን ሁላችንም ሳቅን። ሥራ ረፈደብኝ፤ ደስ አለኝ።