መከለያ ያልሠራሁለት መጋዝ

በዚያን ዘመን ድሬ ዳዋ ምድር ባቡር ውስጥ የፉርጎ አናጢ ነበርኩ። ደንገጎን አልፎ ተራራው ላይ የእጅ ሙያ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ በየሳምንቱ ዓርብና ቅዳሜ እየወጣሁ አናጢነት እንዳስተምር አለቃዬ ፈቀደልኝ። ከድሬ ሙቀት ወጥቼ ያንን ነፋስ ስቀበል ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን የሚያስወጣኝ ማስተማሩ ብቻ አልነበረም። አንድ የሐረር ሽማግሌ እዚያ ቀንድ ቀቅለው ዋንጫና ማንኪያ መሥራት ያስተምሩ ነበርና፣ ከሰዓት በኋላ እኔም ከተማሪዎቹ መሀል ገብቼ እቀመጣለሁ። ጠዋት መምህር ተብዬ፣ ከሰዓት ቀንዱን አሳርሬ ስቆጣ የሚስቁብኝ ራሴ የማስተምራቸው ሰዎች ነበሩ።

ከነሱ አንዱ የቢዮ አዋሌ ሰው ነው። ዕድሜው ከእኔ እኩል፣ የሁለት ልጆች አባት። በኦሮምኛ ጀምሮ በአማርኛ ይጨርሳል፣ መሀል ላይ የሶማሊኛ ቃል ጣል ያደርጋል። መላጊያ ሲገፋ እጁ አይናወጥም። እኔ ላይ ሦስት ዓመት የፈጀውን እንጨት የማጋጠም ሥራ እሱ በአንድ ክረምት ጨበጠው። "መምህር፣ መጀመሪያ የምሠራው የራሴን ቤት በር ነው" ይለኝ ነበር። "እስካሁን የምንዘጋው በቆርቆሮ ነው።"

መጋዙን ያመጣሁት እኔ ነኝ። እንጨት ቤቱን ዘግቶ አገሩ የሚገባ አንድ ግሪክ ዕቃውን ሲበትን፣ በሞተር የሚሠራ ክብ መጋዝ አየሁና ልቤ ተነሣ። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ አመነታ። "ሰዎቹ የእጅ መጋዙን ራሱ ገና መች ጠገቡት?" አለኝ። ሁለት ሳምንት ጨቅጭቄ አስፈቀድኩት። ስናመጣው ጥርሱን የሚሸፍነው መከለያ አብሮት አልነበረም። ግድ የለም፣ ከላሜራ እሠራለታለሁ አልኩ። በመጀመሪያው ሳምንት ሥራ በዛብኝ። በሁለተኛው ሠርቼ ወሰድኩ፤ ልኩን ተሳስቼ ኖሮ አልገባም አለ። በሦስተኛው ተውኩት። "ጣታችሁን አርቁ" ብሎ መናገር መከለያ የሚተካ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ዝናቡ ሲዘንብ ሰንብቶ ጣውላው እርጥብ ነበር። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ የሌላ ተማሪ መሮ እስላለሁ። የመጋዙ ድምፅ ድንገት ታነቀ፣ ከዚያ መልሶ ጮኸ። ስዞር ያ የቢዮ አዋሌ ሰው ቀኝ እጁን በግራው ይዞ መጋዙ አጠገብ ቆሟል። ደሙ በክርኑ ይወርዳል።

"መምህር፣ ማሽኑን አጥፋው" አለኝ።

እኔ ማጥፋት አልቻልኩም። ሌላ ሰው ሮጦ አጠፋው። ሽማግሌው ከቀንድ ቤቱ መጥተው ጥምጣማቸውን ፈቱና ክንዱን ጠበቅ አድርገው አሰሩለት።

"ልጄ፣ ቆመህ አትይ! መኪና ፈልግ!" አሉኝ።

የትምህርት ቤቱ መኪና ሐረር ሄዶ ነበር። መንገድ ወጥቼ ድንች ጭኖ የሚወርድ መኪና አስቆምኩ። ሾፌሩ የቁስለኛውን እጅ ሲያይ ምንም ሳይጠይቅ ጋቢናውን ከፈተልን። ያንን ጠመዝማዛ እንዴት እንደ ወረድነው አላስታውስም። የማስታውሰው ክንዱን ወደ ላይ ይዤ፣ በየመታጠፊያው አብሬው ስወዛወዝ ነው።

ታች ስንደርስ ፀሐይ ነበር። አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ከተማው ሊገባ ሲል ያለው የአሸዋ ወንዝ ዳር ሾፌሩ ቆመና ሞተሩን አጠፋ። ያኔ ሰማሁት። ተራራው ላይ የዘነበው ሁሉ ቀድሞን ደርሶ ነበር። ውሃው ጭቃና ድንጋይ እያንከባለለ፣ ዛፍ ከነሥሩ ይዞ ይወርዳል። ማዶ የድሬ ጣሪያዎች ይታዩናል።

"መቼ ይጎድላል?" አልኩት ሾፌሩን።

"እሱ ያውቃል" አለና ወደ ሰማይ አየ።

ገባሁበት። ጉልበቴ ላይ ሳይደርስ አንገላታኝ፣ ሾፌሩ በኮሌታዬ ጎትቶ አወጣኝ። "አቦ፣ አንተም ሙትና ሁለት ሁኑ!" ብሎ ጮኸብኝ። ተመልሼ ከቁስለኛው ጎን ተቀመጥኩና ክንዱን ትከሻዬ ላይ አስደገፍኩት። ከዚያ በኋላ የቀረኝ ሥራ ይኸው ነበር። የጥምጣሙ ጨርቅ ረጥቦ ሸሚዜ ውስጥ ይገባል።

"መምህር" አለኝ ዓይኑን ጨፍኖ፣ "ጣቶቼን አንስታችኋቸዋል?"

አላነሣሁም። ሰጋቱራው ውስጥ መቅረታቸውን ያሰብኩት ያን ጊዜ ነው።

"ሽማግሌው ይዘዋቸዋል" አልኩት። ዋሸሁት።

"መቀበር አለባቸው" አለ።

ውሃው ሲቀንስ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላ ነበር። ሆስፒታሉ ውስጥ ፈረንጁ ሐኪም አውራ ጣቱንና ትንሿን ጣት አተረፈለት፤ መካከለኞቹ ሦስቱ ሄደዋል። በማግሥቱ ሚስቱ ከቢዮ አዋሌ መጣች። አልጋው አጠገብ ቆማ በኦሮምኛ ጠየቀችኝ።

"ቀኙ ነው?"

"ቀኙ ነው።"

"ታዲያ በምኑ ይበላል?"



በሳምንቱ ወጥቼ ሽማግሌውን ስጠይቃቸው፣ ማንም ሳያዛቸው ጣቶቹን ለቅመው በጨርቅ ጠቅልለው ቀብረዋቸዋል። ኃላፊው ዘንድ ገብቼ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ። "አደጋ ነው፣ ራስህን አታስጨንቅ" አለኝ። ሆስፒታል ሄጄ ለተጎዳው ለራሱም ነገርኩት። "አላህ የጻፈው ነው" አለኝ። አንድ ሰው እንኳ ቢጮህብኝ ምን ነበረበት እያልኩ ከሆስፒታሉ ወጣሁ። መጋዙ ተነቅሎ መጋዘን ገባ።

ከሦስት ወር በኋላ ሰውዬው ተመልሶ መጣ። እሱን በግራው ላስተምረው ብዬ ድሬ ላይ ከሥራ መልስ በግራ እጄ መላጊያ መግፋት ስለማመድ ሰንብቼ ነበር። ጣውላውን በሞርሳ አጠበቅኩለት፣ ከኋላ ቆሜ ክርኑን ያዝኩ። መላጊያው እንጨቱን ይቦጭቀዋል እንጂ አይልገውም። እስቲ እኔ ላሳይህ ብዬ ስሞክር የኔም ባሰ።

"መምህር፣ ተወው" አለኝ በለሰለሰ ድምፅ። "አንተም አታውቀውም።"

የሥራ ሽርጡን ፈትቶ አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሽማግሌው ቀንድ ቤት ግባ ብለው ለመኑት፤ ግን ለቀንዱም የሚጨብጥ እጅ ያስፈልጋል። በሳምንቱ አልመጣም። እኔ እስከ ክረምቱ ድረስ በእጅ መጋዝ አስተማርኩና፣ መንገዱ ሰለቸኝ ብዬ ለአለቃዬ ነግሬ ቀረሁ።

አንዴ ብቻ አገኘሁት፣ ድሬ የፍየል ገበያ ውስጥ። ከጀልዴሳ የገዛቸውን ፍየሎች እየሸጠ ነበር። ቀድሞ ያየኝ እሱ ነው። "መምህር!" ብሎ ቀኙን ዘረጋልኝ። በሁለቱም እጄ ያዝኩት። ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ፣ እኔም ስለ ልጆቹ ጠየቅኩት። ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ አለ። ሌላ የምለው ስፈልግ አንድ ገዢ የፍየሉን አፍ ከፍቶ ጥርሱን ማየት ጀመረ፣ እሱም ወደ ገዢው ዞረ። ገመዱን በግራው ሲይዝ አየሁ። ከዚያ ሄድኩ።