ሳፊያ ቀድማ ያየችው

ሳፊያ ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከአውራ ጎዳናው ገባ ብሎ ባለ ሰፈር፣ በረንዳዋ ላይ የስፌት መኪና አስቀምጣ የሴት ቀሚስና የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋ ሴት ነበረች። እጇ ፈጣን፣ ንግግሯ ቁጥብ። እናቷ ቀድማ ስለሞተችባት ታናናሾቿን አዝላ ያሳደገች ናት። ሕፃን መቼ እንደሚስቅ፣ መቼ እንደሚድህ፣ መቼ ጣቱን ቀስሮ «ያ! ያ!» እያለ ሰው እንደሚያስቸግር ማንም እንዲነግራት አያስፈልጋትም። የገዛ ልጇ ዊዳድ ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት አንድ ነገር እንደጎደለም ከሁሉም በፊት ያወቀችው እሷ ናት። ማወቋ ግን ምንም አልጠቀማትም።

ዊዳድ በ1989 ዓ.ም. ተወለደች። ያያት ሁሉ «ማሻአላህ» ሳይል አያልፍም። በዓመቷ «አባ» ብላለች፤ «እንቢ» ብላለች፤ ድመት ስታይ «ሚው» ብላለች። ከዚያ ቃሎቹ አንድ በአንድ ጠፉ። ሳፊያ መጀመሪያ ላይ ጥርስ እያወጣች ነው ብላ ተጽናናች። ጥርሱ ወጣ፤ ቃሉ ግን አልተመለሰም። ስሟን ሲጠሯት መዞር ተወች። በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ የለስላሳ ቆርኪ ሲሚንቶው ላይ ታሾራለች፤ ሲወድቅ አንስታ እንደገና ታሾራለች፤ ጎረቤት ቢመጣ፣ ዶሮ ቢያልፍ፣ እናቷ ብታጨበጭብ ቀና አትልም። ውኃ ሲጠማት አታሳይም፣ አትጠቁምም። የእናቷን እጅ እንደ ዕቃ ጎትታ ወስዳ ጀሪካኑ ላይ ታስቀምጠዋለች እንጂ ፊቷን አታየውም። ሳፊያን አንጀቷን የበላት ይኼ ነበር።

ባሏ ካሊድ የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። አንድ ቀን ከመንገድ ሲገባ ነገረችው።

«ካሊድ፣ ልጅቷ ስጠራት አትሰማኝም። ዓይኔንም አታየኝም።»

«አጎቴ በአራት ዓመቱ ነው የተናገረው። ዛሬ ማን ያስቆመዋል?»

«መናገሩን አይደለም የምልህ። እኛ ያለን አይመስላትም።»

«ወላሂ አንቺ ደግሞ ሥራ ፈትተሻል» አለና ጫማውን አወለቀ።

ግንቦት ላይ ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሣ፤ የአሰብ መንገድ ተዘጋ። ሹፌሮች ሥራ ፈተው ኮምቦልቻ ላይ ተከማቹ። ካሊድ ቤት ሲውል ልጁን ለመጀመሪያ ጊዜ በቅጡ አያት። ሲያቅፋት ትንፈራገጣለች። ሲስማት ፊቷን ትጠርጋለች። ጡሩንባ ሲሰማ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ግድግዳ ሥር ትወሸቃለች። ብዙ ሳይቆይ ጥፋተኛ መፈለግ ጀመረ፤ ከሳፊያ ሌላ ደግሞ ቤቱ ውስጥ ማንም አልነበረም።

እናቱ ከደጋን መጡ። ልጅቷን ከላይ እስከ ታች አዩና ምራቃቸውን እንትፍ አሉባት።

«ዓይን ነው። አንቺ ገበያ መሐል እያዞርሽ ለሰው አሳየሻት።»

«እማማ፣ ከቤትም ወጥታ አታውቅ...»

«ወይ ደግሞ እርጉዝ ሆነሽ የጠጣሽው ነገር አለ። በኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም።»

ሳፊያ የጠጣችውን ሁሉ፣ የረገጠችውን መንገድ ሁሉ፣ በእርግዝናዋ ወራት የተቆጣችውን ሰው ሁሉ እያስታወሰች ራሷን ስትመረምር ከረመች።

አማቷ ሼህ ኑርሁሴን ዘንድ ወሰዷቸው። ደጋን አካባቢ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ቁርኣን ቀሩባት፤ ልጅቷ በድምፃቸው መሠረት ወዲያና ወዲህ ስትወዛወዝ ልብ ብለው አዩዋት። ከዚያ ወደ ሳፊያ ዞረው፣ «አብሽሪ ልጄ። እኔ ዱዓዬን አላቋርጥም። ይቺን ልጅ ግን ሐኪምም ይያት» አሉ። አማቷ በዚህ ተቀየሙ። ወጣ ሲሉ፣ «እሳቸውም አርጅተዋል» አሉ፤ ጂን አወጣለሁ እያለ የሚያስርና የሚገርፍ ሌላ ሰው ፈልገው አገኙ። የዚያን ሰውዬ ቤት ሳፊያ እስከ ዛሬ ማንሣት አትወድም። የልጇ ጀርባ ላይ የቀረውን ጠባሳ ግን ባጠበቻት ቁጥር ታየዋለች።

ሐኪም ቤቱንም ሞከረችው። ልጇን አዝላ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጥታ ደሴ ገባች። አንድ ክሊኒክ ውስጥ ያገኘችው ሐኪም ከልጅቷ ኋላ የብረት ሳህን ጣለ፤ ዊዳድ ጮኸች፣ ጆሮዋን ያዘች።

«በቃ፣ ትሰማለች። ጆሮዋ ደህና ነው።»

«ታዲያ ስሟን ስጠራት ለምን አትዞርም ዶክተር?»

«ሞልቃቃ ናት። አንድ ልጅ ስለሆነች ነው። ሌላ ውለጂላት፣ ከሱ ጋር ስትጫወት ትናገራለች።»

ሳፊያ ስለ ቆርኪው፣ ስለ ጠፉት ቃሎች፣ እጇን እንደ ዕቃ ጎትታ ስለመውሰዷ ልትነግረው አፏን ስትከፍት እሱ የሚቀጥለውን በሽተኛ ጠራ። ያን ቀን ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ስትመለስ፣ ከእንግዲህ ለማንም አልናገርም አለች።

ካሊድ አዲሱ የጅቡቲ መስመር ሥራ ሲከፈት ወደ ሚሌ ሄደ። መጀመሪያ በወር፣ ቀጥሎ በበዓል፣ ቀጥሎ በሰው በኩል ሰላምታ ብቻ። እዚያ ሌላ አግብቶ ወንድ ልጅ እንደወለደ የነገሯት ሰዎች፣ «ልጁ ደግሞ እንዴት ያለ አፈኛ መሰለሽ» ብለው ጨመሩላት። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ደስ የሚላት መስሏቸው ነው።

በዚያ ሁሉ ዘመን የቀረቻት ሰው እስከዳር ናት። ግቢያቸውን የሚለየው አጥር ነው፤ አጥሩ መሐል ሁለቱም የሚሹለኩበት ቀዳዳ ነበረው። እስከዳር የገብርኤል ጠበሏን ስታመጣ ሳፊያ አትከለክላትም፤ ሳፊያ ለመውሊድ ስትሄድ ዊዳድን የምትይዘው እስከዳር ናት። ልጅቷ ስትነክሳት እንኳን «ጥርሷ እንዴት ጠንክሯል!» ብላ ትስቅ ነበር። ለብዙ ዓመት ልጅ እንቢ ብሏት ቆይታ በመጨረሻ አቤን ስትወልድ፣ ከእናቷ ቀጥሎ እልል ያለችው ሳፊያ ነበረች።

አቤ ገና ሲድህ ነው አንዲት ሰርካዲስ የምትባል ነርስ ጋዋን ልታሰፋ የመጣችው። አዲስ አበባ ሥልጠና ቆይታ መመለሷ ነበር። ሳፊያ ወገቧን ስትለካት ዊዳድ በእግር ጣቶቿ ጫፍ እየረገጠች ከግድግዳ ግድግዳ ትመላለሳለች። ነርሷ ዓይኗን ከልጅቷ ላይ አልነቀለችም።

«እህቴ፣ አትቀየሚኝና ልጠይቅሽ። ሕፃን እያለች ቃል ጀምራ ተወችው?»

የሳፊያ መለኪያ ሜትር ከእጇ ወደቀ።

«አዎ።»

«ዕቃ ስትፈልግ እጅሽን ወስዳ ነበር የምታስቀምጠው? በጣቷ አትጠቁምም?»

ሳፊያ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ስንት ዓመት ሙሉ ልትናገረው ያልተፈቀደላትን፣ ይኸው አንዲት የማታውቃት ሴት ቃል በቃል ትናገርላታለች። ሰርካዲስ ስሙን ነገረቻት፤ ኦቲዝም ይባላል። ዓይን እንዳልሆነ፣ የጠጣችው ነገር እንዳልሆነ፣ ሞልቃቃነት እንዳልሆነ ነገረቻት። አብሮ የሚወለድ የአእምሮ አሠራር ነው፤ በመድኃኒት አይድንም፤ ልጁ ግን በሥዕል፣ በምልክት፣ በትዕግሥት ብዙ ይማራል። ሳፊያ አለቀሰች፤ ከደስታም ከእፎይታም ነበር። ከዚያ መጠየቅ የሌለባትን ጠየቀች።

«አሁን ቢጀመር ትናገራለች?»

ነርሷ የወደቀውን ሜትር አነሣችላት። «ሁልጊዜም ይጠቅማል። ግን ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላት ቢሆን ኖሮ...» አለችና አልጨረሰችውም።

ሳፊያ ግን በየቀኑ ትጨርሰዋለች። ሁለት ዓመት ሳይሞላት እኮ አይቻለሁ። ሁለት ዓመት ሳይሞላት ተናግሬያለሁ።

ወራት አለፉ፤ አቤ ድክ ድክ ማለት ጀመረ። አንድ ቀን ሳፊያ አጥሩ ላይ የቆመች ወፍ በጣቷ አሳየችው። ልጁ ወፏንም አላየ፣ ጣቷንም አላየ። ስሙን ጠራችው። የገመድ ጫፍ ዓይኑ ሥር እያወዛወዘ ነበር። ከኋላው ዞራ ደግማ ጠራችው።

ለራሷ ውሸት ነው አለች። የራሴ ቁስል ነው የሚያሳየኝ አለች። ለሳምንታት እየተሸማቀቀች አጠናችው፤ «ማማ» ይል የነበረው ልጅ «ማማ» ማለቱን ሲተው ሌላ ማመካኛ አጣች። የደረሰባት በጓደኛዋ እንዳይደርስ እስከዳርን ብቻዋን ጠብቃ በቀዳዳው ሾለከች። እስከዳር ሽንኩርት እየላጠች ነበር።

«እስኩ፣ እንዳትደነግጪ። አቤን ነርሷ ብታየው ጥሩ ነው። ዊዳድ ላይ ያየሁት ምልክት...»

የእስከዳር ቢላዋ ቆመ። «ምን አልሽ?»

«ገና ሕፃን ነው። አሁን ከተጀመረለት...»

«ልጄን ከልጅሽ ጋር አስተያየሽው?»

«ለደግ ነው እስኩዬ። እኔ ጊዜው አምልጦኝ ነው...»

«የራስሽ አልበቃ አለሽ? ስንት ዓመት ለምኜ ያገኘሁትን ልጅ ታሟርቺበታለሽ? ለካ እንዲያ አፍጥጠሽ የምታይው ለዚህ ነው!»

እስከዳር ልጇን አፈፍ አድርጋ ደረቷ ላይ ለጠፈችው፤ ፊቱን በነጠላዋ ሸፈነችው፣ ከሳፊያ ዓይን። በማግስቱ ባሏ ፈንታሁን ቆርቆሮና ሚስማር ይዞ መጥቶ የአጥሩን ቀዳዳ ዘጋው። ሳፊያ በረንዳው ላይ ነበረች። ሰውዬው ሚስማሩን ሲመታ ቀና ብሎ አላያትም፤ ከጨረሰ በኋላ ብቻ፣ «ሳፊያ፣ በእመቤቴ፣ ከቤታችን ራቂ» አለ።

ወሬው ሰፈሩን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ዩኒፎርም ሊያስለኩ የሚመጡ እናቶች ልጃቸውን ቤት ትተው ልኩን በክር ይዘው መምጣት ጀመሩ። ኋላ እሱም ቀረ። አንድ ቀን ዊዳድ ደጃፍ ወጥታ ስትሽከረከር ሴቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ገቡ። ሳፊያ የስፌት መኪናዋን አስጭና፣ ልጇን ይዛ ደሴ ወጣች።

ደሴ ለዊዳድ ቀዝቃዛና ጠባብ ሆነባት። ሰኞ ገበያ አጠገብ የተከራዩት ክፍል መስኮቱ ወደ ግድግዳ ነው። ሳፊያ ነርሷ ያሳየቻትን ይዛ በሥዕል ታስተምራት ነበር፤ ልጅቷም የኩባያ ሥዕል አንስታ ውኃ መጠየቅ፣ ልብሷን መልበስ፣ ስትፈራ እናቷ ጉያ መግባት ለምዳለች። ቃል ግን አልተመለሰም። አካሏ ሲጠና፣ ጡቷ ሲወጣ፣ የሰፈሩ ጎረምሶች ዓይን ሲበዛ ግን ሳፊያ ልታደርገው የማትፈልገውን ማድረግ ጀመረች። ሸቀጥ ልትገዛ ስትወጣ በሩን በውጭ ትቆልፋለች። መጀመሪያ ቀን ቆልፋ መንገድ ከጀመረች በኋላ ተመልሳ ከፈተችው። አሁን አትመለስም፤ ከሁሉም የምትጠላው አለመመለሷን ነው።

በ2003 ዓ.ም. ገደማ ሰኞ ገበያ መሐል ከእስከዳር ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። እስከዳር ከስታለች። የአንድ ትልቅ ልጅ እጅ አንጓ በነጠላ ጫፍ ከራሷ እጅ ጋር ቋጥራለች። ልጁ የገበያውን ጫጫታ ላለመስማት ነፃ በሆነው እጁ አንድ ጆሮውን ይዞ እንደ ሞተር ያጉረመርማል። አቤ ነበር።

ሁለቱም ሰላም አላሉም። እስከዳር የልጇን እጅ ወደ ራሷ ሳበች።

«ለምን አንዴ ብቻ ነገርሽኝ?» አለች። «ለምን ደጋግመሽ አልነገርሽኝም ሳፊ? ብትጨቀጭቂኝ ኖሮ...»

ሳፊያ ደሟ ፈላ። ቆርቆሮው፣ ሚስማሩ፣ ልኩን በክር የያዙት እናቶች፣ ሁሉም አንድ ላይ አፏ ላይ መጡ። ጥፋቱ ዛሬም ዞሮ እሷ ላይ ነው። ጀርባዋን ሰጥታ ጥቂት ሄደች። ልጁ ከኋላዋ ሲጮህ፣ ሰውም ቆሞ «ምን ሆኖ ነው? ውጉዝ በሉት!» ሲል ሰማች። ያን ድምፅ ታውቀዋለች። ተመለሰች።

ልጁን ከሰው ጋርዳ፣ እናትና ልጅን የእህል ነጋዴዎቹ ከረጢት ወደሚደረደርበት ጥግ ወሰደቻቸው። አቤ እስኪረጋጋ ድረስ አብራቸው ቆመች። ከዚያ ደረቅ ባለ ድምፅ፣ ነርሷን የት እንደምታገኛት ነገረቻት፤ ሥዕሎቹን እንዴት እንደምታዘጋጅ፣ ጫጫታ ውስጥ እንዳትወስደው፣ ማንም እንዳይገርፈው፣ በተለይ ማንም እንዳይገርፈው ነገረቻት። እስከዳር እያለቀሰች ራሷን ነቀነቀች።

«ዊዳድስ?» አለች በመጨረሻ።

«ቤት ናት።»

«መጥቼ ልያት?»

የሳፊያን ልጅ ቤት ድረስ መጥቶ ሊያያት የሚፈልግ ሰው ከጠፋ ዓመታት ሆነዋል። እሺ ልትል ፈልጋ ነበር።

«አይ» አለች። «ሰው አልለመደችም።»

እስከዳር ልጇን እየጎተተች ወደ ኮምቦልቻ ሚኒባሶች ወረደች። ሳፊያ ለስፌቷ ቀይ ክር የምትገዛበት ሱቅ እንዳይዘጋባት ወደ ላይ ቸኮለች።