ልጄን ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ

ጌታ ይባረክ ወገኖቼ! ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ ልመሰክር የወደድሁት ብዙ ዘመን ሳፍርበት የኖርሁትን ነገር ነው። ታገሡኝ።

በደርግ ጊዜ ወረታ ላይ፣ ወደ ደብረ ታቦር በሚገነጠለው መንገድ ዳር ልብስ ሰፊ ነበርሁ። ጥሩ የምትባለው ባለቤቴ ሳንባዋን ታማ ጎንደር ሆስፒታል ተኛች። የአምስት ዓመቷ ልጄ ዘነበችና ገና መዳህ የጀመረው ወንድሟ እኔ ላይ ወደቁ። ገንፎ አገነፋለሁ፣ ሽንት ጨርቅ አጥባለሁ፣ እሰፋለሁ፤ አንዱን ስይዝ ሌላው ያመልጠኛል። ክረምት ነው፤ የፎገራ ሜዳ ውኃ ተኝቶበታል፤ ልጆቹን ውጭ ልልቀቃቸው ብል እፈራለሁ። ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናዬ ሥር ናቸው። ተቀምጬ እንኳ ልቤ ይሮጣል።

በዚያ ላይ ቀበሌው የሚሊሺያ ልብስ እንድሰፋ አዘዘኝ። ሊቀ መንበሩ፣ "ለቅዳሜ ካልደረሰ የምንጠይቀው አንተን ነው" አለኝ። ሐሙስ ዕለት ዘነበች የስፌት መኪናውን ዘይት የሚሊሺያው ካኪ ላይ ደፋችው። ወገኖቼ፣ እውነቱን ልናገር። ጮኽሁ፤ በእጄ የነበረውን መቀስ ወረወርሁት። በጆሮዋ አጠገብ አልፎ መቃኑ ላይ ተሰካ። ያተረፈልኝ ጌታ ስሙ ይባረክ!

ልጄ አላለቀሰችም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን ቃል አልወጣትም። ስጠራት ትመጣለች፣ ስሰጣት ትበላለች፤ አትናገርም። ሁለት ሳምንት ሲሞላት ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድኋት። የጤና ረዳቱ፣ ድሬሰሩ፣ ምላሷንም ጉሮሮዋንም አየና፣ "ደህና ናት። ያስደነገጣት ነገር አለ። ምንድን ነው?" አለኝ።

"ውሻ ነው" አልሁ።

ቀና ብላ አየችኝ።

ድሬሰሩም እሷን አየ፣ እኔን አየ። "እንግዲያው ውሻውን ከቤት አርቀው" አለኝ።

እንዴት ሰፈር እንደደረስሁ አላውቅም። እትየ በላይነሽ የሚባሉ ጎረቤት ነበሩን፤ በወንጌል እምነታቸው ምክንያት መንደሩ ይርቃቸዋል፤ እኔም እርቃቸው ነበር። ያን ዕለት ግን ሁለቱን ልጆች ይዤ ገባሁ። ዘነበች ከወንድሟ ጋር ደጃፉ ላይ ስትጫወት ሁሉን ነገርኋቸው።

"ይህን ለእኔ ነገርኸኝ። ለእሷስ?" አሉኝ።

"የአምስት ዓመት ልጅ ናት፤ ምን ይገባታል?"

"መቀሱ ገብቷት የለም? ይቅርታውም ይገባታል።"

ስለ ጸሎት አንድ ጊዜ ታስረው ነበርና፣ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው በሹክሹክታ ጸለዩልኝ። እኔም በሹክሹክታ ሕይወቴን ለኢየሱስ ሰጠሁ። ሰማይ ግን ሰምቶኛል፤ ሃሌ ሉያ!

ቤቴ ገብቼ በጉልበቴ ወደቅሁ። "ዘነቡ፣ ውሻ አልነበረም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ" አልኋት።  ያን ዕለት ትናገራለች ብዬ ነበር፤ አልተናገረችም። በሳምንቱም አልተናገረች። ጌታን ስቀበል ንዴቴ በዚያው ጠፋ ብዬ ብነግራችሁ ዋሸኋችሁ። አሁንም ይንጠኛል! ሲመጣብኝ ግን እግሬን ከመርገጫው አነሣለሁ፤ እጆቼን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ትንፋሼ እስኪመለስ "ጌታ ሆይ፣ ያዘኝ" እላለሁ። በቀን ስንት ጊዜ! አንዳንዴ እረሳና እጮኻለሁ፤ እንደገና ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አንድ ቀን ደንበኛ ቆሞ እያጣደፈኝ ሕፃኑ የልብስ ቁልፍ ያለበትን ሣጥን ገለበጠው። ቁልፍ በየጥጉ ተበተነ። ደሜ ፈላ። እግሬን አነሣሁ፤ እጆቼን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ። 

ከበሩ ኋላ፣ "አባባ፣ እኔ ልልቀመው?" የሚል ድምፅ መጣ።

ወገኖቼ! መሬት ተቀምጬ አለቀስሁ። ደንበኛዬ አበደ ብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ ልብሱን ሳይወስድ ወጣ። እኔና ልጄ እየተንፏቀቅን ለቀምን። ክብር ለእርሱ ይሁን! ጥሩም ከመስቀል በኋላ ድና ተመለሰች፤ ዘነበች የሁለት ወሩን ወሬ አንድ ባንድ ስትነግራት ዋለች።

ዛሬም ችኩል ነኝ። ባለቤቴ እዚያ ተቀምጣ እየሳቀች ነው፤ ታውቀኛለች። ግን የሚይዘኝ ጌታ አለ፤ አመሰግነዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ልጁ ላይ ጮኾ፣ ፊቱን ታጥቦ እዚህ የመጣ አባት ይኖራል፤ እናትም ትኖራለች። አትደበቁ። የሆነውን እንደሆነው ለጌታ ንገሩት፤ እመኑት። እኔን ያልጣለ እናንተን አይጥልም።