ቨርን ዛያክ እና ስማቸው የጠፋ ወርዋሪዎች

ቨርን ዛያክ ተቀምጦ ያየሁበት ቀን በጣት ይቆጠራል። ቶሊዶ ከተማ ውስጥ የትምህርት ቤት አውቶቡሶችን ሠላሳ አንድ ዓመት ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ እጁ ሥራ ፈታና እግሩ ሥራ በዛበት። ቤቱ ከእኔ ቤት ሁለት አጥር ይርቃል። ጠዋት በመስኮት ስመለከት ወይ በረንዳው ላይ ይንጎራደዳል፣ ወይ የቆመች መኪናውን እየዞረ ጎማ ይረግጣል። ሚስቱ ጆአን ስንት ጊዜ ደውላ "እባክሽ አርሊን፣ ጥሪውና ትንሽ ልተንፍስ" ብላኛለች።

እኔንና እሱን ያገናኘን ቤዝቦል ነው፤ ሜዳ ላይ የሚደረገው ሳይሆን በወረቀት የሚደረገው። አሥራ ሁለት ሰዎች ነን። በየዓመቱ መጋቢት መጨረሻ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ኳስ እያንከባለሉ የቆመ እንጨት የሚጥሉበት አንድ ቦውሊንግ ቤት የኋላ ክፍል እንሰበሰብና እውነተኞቹን ተጫዋቾች በየተራ እየመረጥን የየራሳችንን ቡድን እናቋቁማለን። አንዱ የመረጠውን ሌላው አይነካም። ከዚያ በኋላ እስከ መስከረም ድረስ እነሱ በተጫወቱት ልክ እኛ ነጥብ እናገኛለን።

በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ያወጣነው ደንብ ጥቂት ነው፤ ግን አይምርም። ሁለት ዓመት ተከታትሎ መጨረሻ የወጣ ሰው ወንበሩን ለተረኛ ይለቃል። አንድ ልማድም አለን። ማንም የማይፈልገውን ተጫዋች ያለ ጊዜው ተስገብግቦ የመረጠ ሰው ሲገኝ፣ ክፍሉ በሙሉ ብድግ ብሎ ቀስ እያለ ያጨበጭብለታል። ያንን ጭብጨባ የቀመሰ ሰው በማግስቱም ይሰማዋል።

ቨርን ጡረታ በወጣበት ዓመት ከአሥራ ሁለታችን መጨረሻ ወጥቶ ነበር። አንድ ዓመት ቢደግም በቃ፣ ወንበሩ ይሄዳል። ወንበሩን የሚጠብቅ የጥርስ ሐኪም አለ፤ ሰውየው "እንዴት ነው፣ ክፍት ቦታ አለ?" እያለ በየወሩ ይጽፍልናል። ቨርን ጋራዡን አጥቷል፣ የጋራዡን ጓደኞች አጥቷል። ከእኛ ሌላ ማን ነበረው?

የሚወደው ወርዋሪዎችን ነው፤ ኳሷን ለመቺው የሚወረውሩትን። በልጅነቱ እሱም ወርዋሪ ነበር። በመጨረሻው የትምህርት ቤት ግጥሚያ እሱ በደንብ ወርውሮ፣ ከኋላው የቆመው ልጅ እጁ ላይ የወደቀችለትን ኳስ ጣላት። ጋዜጣው ግን "ዛያክ ተሸነፈ" ብሎ ጻፈ። አርባ ዓመት አልፎታል፤ ዛሬም ሲያነሣው ጆሮው ይቀላል። ስለዚህ በየዓመቱ የበረዶውን ወራት የሚያሳልፈው እንደሱ በሰው ጥፋት ስማቸው የጠፋ ወርዋሪዎችን ሲፈልግ ነው።

"ስንት ጊዜ አሸነፈ ብለሽ አትጠይቂ" ይለኛል። "በገዛ ክንዱ ስንቱን መቺ ባዶ እጁን መለሰ? ስንቱንስ በነፃ አሳለፈ? የቀረው የጓደኞቹ ጉዳይ ነው።"

በተከታዩ ዓመት መጋቢት መጀመሪያ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ኩሽናዬ ገባ።

"አርሊን፣ ኪንታል የሚባለውን ሰውዬ አይተሽዋል?"

"መጀመሪያ ተቀመጥ።"

"ተቀምጫለሁ።"

"ማቀዝቀዣ መደገፍ መቀመጥ ነው እንዴ?"

አልሰማኝም። ኪንታል ባለፈው ዓመት የተጫወተው ተራራ ላይ ባለች ከተማ ነው፤ እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ የተመታች ኳስ ሁሉ ትበራለች። ከኋላው የቆሙት ደግሞ ኳስ መያዝ የማይሆንላቸው ናቸው። ቁጥሩን ላየው ያስጠላል። አሁን ግን በባሕር ጠረፍ ለሚገኝ ጎበዝ ቡድን ተላልፏል። "ይሄ ሰው ምንም ጥፋት የለበትም!" አለ ቨርን፣ ጠረጴዛዬን በመዳፉ እየመታ።

"እንግዲያው ዝም ብለህ ጠብቅ" አልኩት። "ከአንተ በቀር የሚያውቀው የለም። እስከ አሥራ አራተኛው ዙር ማንም አይነካውም። እስከዚያ ባሉት ዙሮች ታዋቂዎቹን ውሰድ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህም?"

"ያዢኝ እንግዲህ። እኔ ራሴን አላምነውም።"

"እይዝሃለሁ።"

እሱ ሲወጣ ማስታወሻዬን ከፈትኩ። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አየሁ፤ ትክክል ነው። በዕጣው መሠረት የእኔ ተራ ሁልጊዜ ከእሱ ቀጥሎ ነበር። ዓይኔን በጨው ታጥቤ ኪንታልን ስምንተኛው ዙር ላይ ጻፍኩትና አሰመርኩበት። ጨዋታ ነው አልኩ ለራሴ፤ ለወዳጅ ተብሎ የሚተው ነገር የለም። እውነቱን ለመናገር ያን ሰሞን እንቅልፌም ልክ አልነበረም።

ቅዳሜው ደረሰ። ከግድግዳው ወዲያ ኳስ እንጨቱን ሲያንኳኳ፣ ከወዲህ ስም የሚመዘግበው ሩዲ፣ ያ ግዙፉ ሩዲ፣ አፉ ቋሊማ ሞልቶ ይጮሃል።

"ቨርን! ወንበሩን ባታሞቀውም ጥሩ ነው። የጥርስ ሐኪሙ ቀዝቀዝ ያለ ይወዳል!"

ሁሉም ሳቀ። ቨርንም ሳቀ፤ ግን ከንፈሩ ደርቆ ነበር። በሦስተኛው ዙር ተነሥቶ መስኮቱ ጋ ሄደ። በአራተኛው ተመለሰ። በአምስተኛው አፉን ሲከፍት እጅጌውን ጎትቼ አስቆምኩትና በምትኩ አንድ ጎበዝ መቺ መረጠ። በሰባተኛው አንዱ ከኪንታል ቡድን ሌላ ወርዋሪ ሲወስድ፣ ፊቱ አመድ መሰለ።

"ስምንተኛ ዙር! ቨርን!" አለ ሩዲ። ለመምረጥ አንድ ደቂቃ ነው የሚሰጠን።

ወደ እኔ ዞረ። "ገና ነው" አልኩት በሹክሹክታ። እጄ ማስታወሻዬ ላይ የኪንታልን ስም ሸፍኖ ነበር። ቨርን ቁጭ አለ፣ ብድግ አለ፣ ቆቡን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ።

"ኪንታል!" አለ።

"ማን?" አለ ሩዲ። "እናቱ ናት እንዴ የጠቆመችህ? አንተ ሰውዬ፣ ይሄንማ መርጠን ስንጨርስ መሬት ላይ ወድቆ ታገኘው ነበር!"

ወንበሮቹ ተንቋቁ። አንድ በአንድ ተነሡ፤ ያ ጭብጨባ ጀመረ፣ ቀስ እያለ። እኔም ተነሣሁ። እኔም አጨበጨብኩ። ቨርን ጫማውን እያየ እስኪያልቅ ቆመ። ከዚያ ተራው የእኔ ሆነና ከማስታወሻዬ ላይ ዓይኔ ያረፈበትን ስም ጠራሁ፤ ሰውየው ግንቦት ላይ ጉልበቱ ተጎድቶ ቀረ።

ያ የጨዋታ ወቅት ለቨርን ምጥ ነበር። ኪንታል ልክ ቨርን እንዳለው ጎበዝ ሆነ፤ ግን የቨርን ሌሎች ሁለት ወርዋሪዎች የክርናቸው ጅማት ተበጠሰ። ከሰኔ ጀምሮ አንድ ሳምንት አሥራ አንደኛ፣ አንድ ሳምንት አሥራ ሁለተኛ። በመስከረም የመጨረሻው እሑድ መዳን የሚችለው በኪንታል ብቻ ነበር። ሬዲዮውን ማዳመጥ አቅቶት ለጆአን ሰጥቷት መንገዱን ከላይ እስከ ታች ይመላለስ ጀመር። እሷ በመስኮት በጣቷ ቁጥር ታሳየዋለች። ኪንታል አሥራ አንድ መቺዎችን ባዶ እጃቸውን መለሰ። ቨርን አሥራ አንደኛ ወጣ፤ ወንበሩ ተረፈ።

በማግስቱ ጠዋት በሬን ደበደበ። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

"አንቺ ነሽ ያተረፍሽኝ! ባትይዢኝ በአምስተኛው እወስደውና ያን ጎበዝ መቺ አጣው ነበር። በዓመቱ መዝጊያ ራት ላይ ቆሜ እናገረዋለሁ፣ በሰው ፊት።"

ያን ምስጋና በሰው ፊት መቀበል አልቻልኩም።

"አትናገር" አልኩት። "ከአንተ ቀጥሎ ተራው የእኔ ነበር። ኪንታልን በስምንተኛው ልወስድብህ አስምሬበት ነበር።"

ዓይኑ ፈጠጠ፤ ከዚያ ከት ብሎ ሳቀ። "አንቺ ሌባ! ምን አለበት፣ ይሄማ ጨዋታ ነው። እኔስ ስንቴ ሰርቄሻለሁ?" ሳቁ መሀል ላይ ቆመ። "ቆይ። እንግዲያው ጥሩ መሆኑን ታውቂ ነበር።"

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ተነሥተሽ አጨበጨብሽ?"

"ሁሉም ስለተነሣ" አልኩት።

እግሩ የማያርፈው ሰውዬ ደጃፌ ላይ ሳይንቀሳቀስ ቆመ። ከዚያ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ወደ ቤቱ ሄደ።

በሚቀጥለው መጋቢት ቨርን እንደ ወትሮው ከእኔ ጎን ሳይሆን ወዲያኛው ጫፍ፣ ከሩዲ ጎን ተቀመጠ። በስድስተኛው ዙር ማናችንም የማናውቀውን ወርዋሪ ጠራ፤ ሁሉም እየሳቀ ተነሣ። እኔ ከወንበሬ አልተነሣሁም። እሱ ግን ወደ እኔ አላየም።